ስንት ናቸው?

«ካርዷ ላይ ዘጠና ስምንት እንሞላለን እንጂ፣ ልጅቷ ሦስት ቆርኪ ፊቷ ብታስቀምጪላት ሦስት መሆኑን አታውቅም።»

መክብብ ይህን የሰማው ከመዋዕለ ሕፃናቱ መስኮት ሥር ቆሞ የጫማውን ጭቃ በድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያራግፍ ነው። ዕለቱ አርብ ነበር፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ሰኔ ገብቶ ሶዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብባት አድሯል፤ ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ጭራሽ ያለ አይመስልም። ውስጥ ያሉት ሁለት መምህራን የልጆቹ መዝሙር ስለበለጣቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት። «የማንን ነው የምትዪው?» አለች አንደኛዋ። «የበእምነትን ነዋ! አባቷ እዚያ መሰናዶ የሒሳብ አስተማሪ አይደል? የሰውን ልጅ በሒሳብ ሲጥል ይውላል፣ የራሱን ልጅ ቁጭ ብሎ አያስቆጥርም።» ሳቁ። «ታዲያ ለምን አትነግሩትም?» ስትል ጠያቂዋ ቀጠለች። «ነግረነው ይዟት ይሂድ? የትምህርት ቤቱ ባለቤት በማንም ልጅ ካርድ ላይ ከዘጠና በታች እንዳይጻፍ ብሎናል እኮ።»

መክብብ እግሩን ማራገፉን ተወ። ያንን ካርድ ከአንድ ወር በፊት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሙ ልኮለት ነበር፤ ወንድሙም «በአባቷ ወጥታለች» ብሎ መልሶለታል። አሁን በሩን ገፍቶ ገብቶ መጮህ ይችል ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሲጮህ ድምፁ እስከ ሜዳው እንደሚሰማ ተማሪዎቹ ያውቃሉ። እሱ ግን አስሎ አንኳኳ። የልጅቷ መምህርት አዛለች ከወንበሯ ተነሥታ «እንዴት አረፈዱ ቲቸር!» አለችው፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ የአንደኛ ክፍል መግቢያ ፈተና ስላለባት ቀደም ብሎ ሊወስዳት እንደመጣ ነገራት። «ጎበዝ ናት እኮ፤ ታልፋለች» አለች አዛለች፣ ዓይኗን ከዓይኑ አሽሽታ። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። መንገድ ላይ ከወጡ በኋላ ያናደደው ሴቶቹ መሳቃቸው አልነበረም፤ እሱ ማመስገኑ ነው።

በእምነት ስድስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ የአባቷን ጣት ይዛ፣ በየኩሬው ዳር እየዘለለች ትሄዳለች። ስለ ሁሉ ነገር ታወራለች፤ ስለ ጓደኛዋ የተሰበረ ጃንጥላ፣ መምህርቷ ስለቀባችው ጥፍር፣ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ስላየቻት ዶሮ። አንደበቷ ርቱዕ ነው፤ አማርኛውንም ወላይትኛውንም እያቀያየረች ትናገራለች። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ላይ ቆማ ከአንድ እስከ አሥር በአማርኛ፣ ደግማ በእንግሊዝኛ ታወርደዋለች፤ ያጨበጭቡላታል። እሱም ያጨበጭብ ነበር። አንድም ቀን፣ የሒሳብ መምህር ሆኖ፣ ሦስት ነገር ፊቷ አስቀምጦ ስንት እንደሆነ ጠይቋት እንደማያውቅ አሁን ገባው። ከግሮሰሪው ደጃፍ ሲደርሱ ጎንበስ ብሎ ጭቃ ውስጥ የተበተነ የቢራ ቆርኪ ይለቅም ጀመር። ሁለት ተማሪዎቹ በማዶ ሲያልፉ አይተውት በእጅ ሰላም አሉት፤ ቆርኪዎቹን በጨበጠበት እጁ መለሰላቸው።

የሚኖሩት ከወይዘሮ ብርነሽ ግቢ ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ በወር አራት ሺህ አምስት መቶ በሚከራዩት ሁለት ክፍል ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ሶፋ፣ አበባ የታተመበት ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ያልታረመ የተማሪ ወረቀት ቁልል። መክብብ ቆርኪዎቹን አጥቦ፣ በፎጣ አድርቆ፣ ሦስቱን መርጦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «በእምነት፣ ስንት ናቸው?» አላት ድምፁን አለስልሶ። ልጅቷ ደስ አላት። ጣቷን ቀስራ፣ ቆርኪዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራሸረች፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት…» ብላ አሥር ላይ ደርሳ እጆቿን ወደ ላይ አነሣች። ጭብጨባውን እየጠበቀች ነበር። «ታዲያ ስንት ናቸው?» «አሥር!» አንዱን ቆርኪ አነሣና ሁለቱን ተወላት። «አሁንስ?» እንደገና ጀመረች፤ እንደገና አሥር። ሁሉንም አንሥቶ አንዱን ብቻ ሲያስቀምጥ ጥቂት አሰበችና «አንድ» አለች። መክብብ ትንፋሹ ተመለሰለት። አንድ ጨመረ። «አሁን?» ቆርኪዎቹን አየች፣ እሱን አየች፣ ፊቱን ስታነብ ቆየች። «አምስት?» አለች። እየገመተች ነው። መክብብ ይህን አስተያየት ያውቀዋል፤ ሰሌዳ ላይ ወጥተው መልሱን ከእሱ ቅንድብ ላይ የሚፈልጉ ልጆች በየክፍሉ አሉ።

ወይዘሮ ብርነሽ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቦሎቄ ይለቅማሉ፤ ነገሩን ከመጀመሪያው ሰምተዋል። የእሳቸው አማርኛ ወንዱንና ሴቱን ብዙም አይለይም። «መምህር፣ ልጁ እኮ አማርኛ ስለሆነ ነው» አሉት። «ወደዚህ አምጣው፤ እኔ በኛ ልጠይቀው።» መክብብ ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። ለምን አላሰበውም? እሱ ሥራ ሲውል፣ ሚስቱም ስትውል፣ ልጅቷ ያደገችው ከእኚህ ሴትዮ ጋር ነው። ቋንቋ ከሆነ ቀላል ነው፤ ፈታኟን ለምኖ በወላይትኛ ያስጠይቃታል። በእምነት ሄዳ ሴትዮዋ እግር ሥር ቁጢጥ አለች። ሦስት የቦሎቄ ፍሬ መዳፋቸው ላይ አድርገው በወላይትኛ ጠየቋት። ልጅቷ በወላይትኛም እንደ ዘፈን አድርጋ ጀመረች፤ ፍሬዎቹን አልፋ፣ የሴትዮዋን ጣቶች አልፋ፣ ሰባት ላይ ቆመች። ወይዘሮ ብርነሽ መዳፋቸውን ቀስ ብለው ጨበጡ። ቀና ብለው አላዩትም። «ርቦት ይሆናል» አሉ፤ «ተወው፣ መጀመሪያ ይብላ።»

እሱ ግን አልተዋትም። የጊዜው ማጠር ነው ሰውየውን የቀየረው፤ ለፈተናው ሦስት ሰዓት ብቻ ቀርቷል። የምትፈተንበት፣ ወደ አርባ ምንጭ መውጫ ያለው ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያስተምራል፤ አንድ ጊዜ የገባ ልጅ እስከ መጨረሻው ገባ ማለት ነው። ለአርባ ቦታ ከሁለት መቶ በላይ ሕፃን ተመዝግቧል። መክብብ ልጅቷን ጠረጴዛው አጠገብ መልሶ አስቀመጣትና አመልካች ጣቷን ይዞ በየቆርኪው ላይ አንድ በአንድ ያሳርፍ ጀመር። «አንድ። ቁሚ። ሁለት። ቁሚ። ሦስት። አበቃ! አበቃ፣ ከዚህ በኋላ ቁጥር የለም። ስንት ናቸው?» «አራት» አለች፣ ምክንያቱም ከሦስት ቀጥሎ የሚመጣው አራት ነው። በቆርኪ፣ በቦሎቄ፣ በዳቦ ቁራሽ፣ በገዛ ጫማዋ ሞከረ። አንዳንዴ ትክክል ትመልሳለች፤ እሱ ደስ ብሎት ሲደግመው ሌላ ቁጥር ትሰጠዋለች። ስንተኛው ሙከራ ላይ እንደሆነ አያውቅም፤ ጣቷን ቆርኪው ላይ አጥብቆ ተጫናት፤ የቆርኪው ጥርስ ቆዳዋ ውስጥ ገባ። አልጮኸችም። ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ እየመጠጠች፣ እንባዋ ያለ ድምፅ እየወረደ፣ «ሌላ ልበል አባቢ?» አለችው። «ስድስት ልበል?»

መክብብ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እንሰቱ ሥር ቆሞ እጁን አየው።

ሚስቱ እየሩስ ለምሳ ስትመጣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ካለ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኗን በፌስታል ይዛ፣ ከመንገድ የገዛችውን አቮካዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቆርኪዎቹን አየች። የልጇን ጣት አየች። ሄዳ ወጡን ማሞቅ ጀመረች። መክብብ ከኋላዋ ቆሞ መዋዕለ ሕፃናቱ መስኮት ሥር የሰማውን ነገራት። ስለ ካርዱ፣ ስለ ዘጠና ስምንቱ፣ ስለ ሳቁ። ትደነግጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ማማሰያውን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«እንደማትቆጥር አውቃለሁ። ከዓምና ጀምሮ። በኛም ቋንቋ ሞክሬያለሁ፣ ያው ነው።»

«ከዓምና ጀምሮ! ታዲያ ለኔ አይነገርም?»

ማማሰያውን አስቀምጣ ዞረች። እዚያው ወላይታ ውስጥ፣ ቦዲቲ ተወልዳ ያደገች፣ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። «ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?» አለችው። «ዛሬ ያደረግኸውን አይደል?»

መክብብ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እየሩስ ሳህን አውጥታ እንጀራውን አቀረበችና «በእምነት፣ ለአቮካዶው ማንኪያ አምጪ፤ ለሁላችን» ስትል ተጣራች። ልጅቷ ወደ መደርደሪያው ሄዳ አንድ ማንኪያ አወጣች፤ አምጥታ እናቷ ፊት አስቀመጠች። ተመልሳ ሄደች። ሁለተኛውን አመጣችና አባቷ ፊት አስቀመጠች፤ ቀና ብላ እያየችው፣ ጣቷን ከኋላዋ ደብቃ። እንደገና ተመልሳ ሄዳ ለራሷ አመጣች። ከዚያም አሰብ አደረገችና አራተኛ ጊዜ ሄዳ አንድ ማንኪያ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፤ ለወይዘሮ ብርነሽ። መክብብ እጁ ላይ ያለውን እንጀራ ሳይጎርስ ቀረ። ልጅቷ ሰው አልረሳችም፤ አንድም ትርፍ ማንኪያ አላነሣችም። ይህ መቁጠር ነው? ሰዎች ቁጥር ሳይኖራቸው በፊት ከብቶቻቸውን እንዲህ፣ ለእያንዳንዷ አንድ ጠጠር እያስቀመጡ ይጠብቁ እንደነበር ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ መስከረም ላይ ይናገራል፤ ይስቃሉ። ከዚህ ወዴት እንደሚኬድ ግን አያውቅም። ቬክተር ያስተምራል፣ ካልኩለስ ያስተምራል። ከአንድ ማንኪያ ወደ «አራት» የሚወስደውን መንገድ ግን ማንም አስተምሮት አያውቅም፤ እሱ ራሱ መቼ እንደተሻገረው አያስታውስም።

እየሩስ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ስለነበር አብረው ወጡ። የትምህርት ቤቱ ግቢ በወላጅ ተሞልቷል። ሴቶቹ የልጆቻቸውን አፍንጫ ይጠርጋሉ፣ አባቶቹ ስልካቸውን ያያሉ፤ አንዱ ልጁን «ከሰባት ላይ ሦስት ሲቀነስ?» እያለ ይጠይቃል። ልጁ ሳያስብ ይመልስለታል። መክብብ ፊቱን አዞረ። እየሩስ በእምነትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ታስተካክላለች፤ እሱና እሷ ከቤት ከወጡ ጀምሮ አልተነጋገሩም። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ስሟ ተጠራ፤ አንድ ወላጅ ብቻ ይግባ ተባለ። መክብብ ሚስቱን አያት። «አንተ ግባ» አለችው። «ከኔ ጋር አትችልም፤ ታለቅሳለች።»

ፈታኟ መምህርት ማኅሌት ትባላለች፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት። መክብብን ከኋላዋ፣ ግድግዳው አጠገብ ባለ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ልጅቷን ከፊት ለፊቷ። በእምነት ስሟን፣ የአባቷንና የእናቷን ስም፣ ሰፈሯን ሁሉ ጥርት አድርጋ ተናገረች። የሥዕሉን ታሪክ ስትናገር ፈታኟ ሳቀች። ቀለም ለየች፤ ፊደል ስትጠየቅ ከጥቂቱ በቀር አወቀች። መክብብ ወገቡ ቀና አለ። ከዚያም መምህርት ማኅሌት ከመሳቢያዋ ቀለም የተቀቡ ባለ አራት ማዕዘን እንጨቶች አወጣችና «ከነዚህ ውስጥ ሁለት ስጪኝ» አለች። በእምነት ሁሉንም ሰብስባ ሰጠቻት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች ፈታኟ፣ ፊቷ ሳይለወጥ። አራቱን ብቻ አስቀርታ ደረደረች። «አሁን ደግሞ ቆጥረሽ ንገሪኝ። ስንት ናቸው?»

ልጅቷ ጣቷን አነሣች፤ ያቺን የቆሰለች ጣት። አየር ላይ ቀረች። ከዚያ ዓይኗ የፈታኟን ትከሻ አልፎ አባቷን ፈለገ።

ባለፈው ዓመት በሞዴል ፈተና ላይ መክብብ ለጓደኛዋ በጣቷ መልስ ያሳየችን ተማሪ ወረቀቷን ነጥቆ አስወጥቷታል። በር ላይ ቆማ ስትለምነው «ፈተና ፈተና ነው» ብሏት ነበር። አሁን ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጠፈና አራቱን ጣቶቹን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ቀሰራቸው። ልጅቷ አየቻቸው። ጣቶቹን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ጣቶቹን እንደገና አየች። ምንም አልመጣላትም። እሱም ነጠላ ነጠላ እያደረገ አወዛወዛቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ በከንፈሩም «አራት» አለ ያለ ድምፅ። በእምነት ያን ጊዜ ፊቷ በራ። ከወንበሯ ተንሸራታ ወረደች፤ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና አራቱንም ጣቶች በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘቻቸው።

«ጠራኸኝ አባቢ?» አለችው። «እንሂድ?»

መምህርት ማኅሌት ወንበሯ ላይ ዞራ እያየችው ነበር። ጣቶቹን ሊያጥፋቸው ሞከረ፤ ልጅቷ አጥብቃ ይዛቸዋለች። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ለበእምነት ከመሳቢያዋ ከረሜላ ሰጥታ በር አጠገብ ያለውን የአሻንጉሊት ሳጥን አሳየቻት፤ ልጅቷ ወደዚያ ስትሄድ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ዓይንና ጆሮዋ ታይቷል?»

«ታይቷል። ደህና ነው።»

«ይህ እንጨት ብቻ ነው ችግሯ፤ ሌላው ከብዙ ልጆች ይበልጣል። ግን ዝርዝሩ ላይ ያለው ነጥብ ነው የሚደመረው። በዚህ ነጥብ ልቀበላት አልችልም።»

«ወዴት ልውሰዳት?» አለ መክብብ። «የትኛው ሐኪም ነው ይህን የሚያየው? ማን ነው የሚያስተምራት? ክፍያው የፈለገው ይሁን።»

መምህርት ማኅሌት መነጽሯን አወለቀች። «ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ» አለች። «እንደሷ ያሉ አይቻለሁ፤ በዓመት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት። አንዳንዶቹ በራሳቸው ጊዜ ገባቸው። አንዳንዶቹ አልገባቸውም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሙንም አላውቀውም፤ ባውቀው እልክዎት ነበር።» ከዚያም ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጽፋ የሚቀጥለውን ልጅ ስም ጠራች።

ሲወጡ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። እየሩስ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በእምነት ሮጣ ሄዳ ከረሜላውን አሳየቻት። «ሁሉንም መለስኩ!» አለች። እናቲቱ ባሏን አየችው፤ እሱ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ላይና ወደ ታች ነበር፣ ወደ ጎን ነበር፣ ራሱም አያውቅም፤ እሷ ግን ገብቷታል። ልጇን ወደ ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ የራሷን ፊት በፀጉሯ ውስጥ ደበቀች። መክብብ ስለ ጣቶቹ ሊነግራት አስቦ ነበር። አልነገራትም። ስለ ጠዋቱ ቆርኪም ይቅርታ ሊጠይቅ አስቦ ነበር፤ የሚጠይቀው ልጅቷን ይሁን እናቷን ሳይለይ ቀረ።

ወላጆቹ ሁሉ ወደ በሩ ተጋፍተዋል፤ ባጃጅ እንደ ወርቅ ተወዷል፣ ሃያ ብር የነበረው መንገድ ስልሳ ገብቷል። አንድ ባጃጅ አጠገባቸው ቆመ፤ ከኋላ ሁለት ሰው ተቀምጧል። «አንድ ሰው ብቻ ነው የምጭነው» አለ ሾፌሩ፤ «ሕፃኗ ጭን ላይ።» እየሩስ አመነታች። «ሂዱ» አላት መክብብ፤ «እኔ በሌላ እመጣለሁ።» በእምነትን ታቅፋ ገባች፤ የጎኑ ላስቲክ መጋረጃ ወረደ። መክብብ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ባጃጁ ጭቃውን እየረጨ ሲነሣ አየ።

ገና ሃያ ሜትር እንኳ አልሄደም፤ መጋረጃው ከውስጥ ተገፍቶ የልጅቷ ጭንቅላት ወጣ። ወደ ኋላ ታያለች፤ ፊቷ በድንጋጤ ተለዋውጧል።

«ማሚ፣ አባቢ ቀረ!» ትላለች። «አስቁሚው! አባቢ ቀረ! ማሚ፣ አባቢ ቀረ!»

ሾፌሩ አልቆመም። ባጃጁ በአደባባዩ በኩል ታጥፎ ከዓይኑ ከጠፋም በኋላ ድምፅዋ ጥቂት ጊዜ ይሰማው ነበር።